አመድ የሌለው ከሰል

ሰኔ 26፣ ሐሙስ። ጠዋት 2፡00

እበቱ ተበጥብጦ አለቀ። ሦስት ባልዲ እበት፣ ሦስት ባልዲ ውሃ። ክንዴ እስከ ክርኔ አረንጓዴ ነው። ሁለቴ ታጠብኩ፣ ሽታው አልለቀቀኝም። ደብተሬ፣ ዛሬ ብትሸቺ ከእኔ ነው። ዝናቡ አላባራ ብሏል። ላሞቹ ጋጣ ናቸው፤ ይሻላል፣ እበት ፍለጋ ሜዳ ለሜዳ አያንከራትቱኝም።

የጋዙ ከረጢት ሞላ። ትልቅ ጥቁር ላስቲክ ነው፤ ከባዮጋዝ ጉድጓዳችን በጎማ ቱቦ ሲነፋ የእርጉዝ ላም ሆድ ያህላል። ልጄ ስለናት (ከእንግዲህ ስ. እላታለሁ፣ እጄ እንዳይደክም) በባጃጅ ጭና ወደ ግቢ ወሰደችው። ግቢ ማለት ሁለተኛ ዲግሪዋን የምትማርበት ዩኒቨርሲቲ ነው። ሹፌሩ ዛሬም አልተወንም፤ ሰው ሁሉ ባጃጅህ ስንት ወሯ ነው እያለ ያስቸግረኛል አለ። መንታ ነው በላቸው አልኩት። ስ. አፈረች። እኔ እስኪያመኝ ሳቅኩ።

ጋዙ በሙሉ ለመመረቂያ ሥራዋ ማሽን ነው። እኔ በከሰል እሠራለሁ። ላሞቹ ለሳይንስ፣ እኔ ለጥቀርሻ። ግድ የለም። ጎረቤት ሲጠይቀኝ አንገቴ ይረዝማል።

ሰኔ 28፣ ቅዳሜ። ከ/ሰ 9፡00

ማሽኑን አየሁት። በመጨረሻ።

ትልቅ ነገር ጠብቄ ነበር። ግቢው ጥግ ላይ ጣራዋ የሚያፈስ ቆርቆሮ ክፍል፣ መሃሏ ላይ የዘይት በርሜል የመሰለ ብረት፣ ቱቦ፣ ሽቦ፣ ሰዓት የሚመስል መለኪያ። በቃ። ሲነሳ ግን ሌላ ነው። ብየዳ ቤት በር ላይ ቆመሽ ዓይን የሚወጋውን ብርሃን ታውቂው የለ? እሱን በርሜል ውስጥ ቆልፊው። በጥቁር መስታወት አሳየችኝ። እሷ ፕላዝማ ትለዋለች። እኔ የተገራ መብረቅ አልኩት። ሳቀች፣ ስሙን ግን ወደደችው።

እንደገባኝ ልጻፍልሽ፣ ነገ እንዳይጠፋብኝ። የእበቱ ጋዝ መጀመሪያ በውሃና በዛገ ምስማር መሃል ያልፋል፤ ቆሻሻውና ሽታው እዚያ ይቀራል። የሚተርፈው ሚቴን ነው። ሚቴኑ መብረቁ ውስጥ ሲገባ ለሁለት ይለያያል። ሃይድሮጂኑ ወደ ላይ ይወጣል። ካርቦኑ ጥቁር ዱቄት ሆኖ ወደ ታች ይረግፋል። በርሜሉ ውስጥ አየር የለም። አየር ከሌለ አይነድም፤ ካልነደደ ጭስ የለም። ሃይድሮጂኑ ነገ መኪና ይነዳል፣ ማዳበሪያ ይሆናል፣ ትላለች።

ቆሜ አሰብኩና ይሄማ የከሰል ክምር ነው አልኳት። እንጨቱን ትከምሪያለሽ፣ በሣርና በአፈር ትደፍኛለሽ፣ አየር እንዳያገኝ፤ ሳይነድ ይከስላል። ስ. አጨበጨበች። ልክ ነው እማ፣ እኔ ጋዝ ነው የማከስለው፣ ይህችን አባባል ጽሑፌ ውስጥ አስገባታለሁ አለች። የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ወድቃ የቀረች ሴት አባባል። መንገዱን ሙሉ ለብቻዬ ፈገግ ስል መጣሁ።

ሃይድሮጂኑን የሚያስቀምጡበት ዕቃ የላቸውም። በቀጭን ቱቦ አውጥተው ያነዱታል። ነበልባሉ አይታይም። ቀዝቃዛ ሳህን በላዩ ያዘችና ሳህኑ አላበው። ውሃ። ከእሳት ውሃ። በጣቴ ነካሁት፣ ቀመስኩት። ምንም አይልም።

ዱቄቱን በሦስት ጆንያ ወደ ቤት አመጣነው። የግቢዋ ክፍል ታፈሳለች፣ የእኔ የከሰል ማስቀመጫ ግን ጠብታ አያስገባም። እጅግ የላመ፣ እፍ ቢሉት የሚበንን። በየጆንያው አንገት ክብደቱ የተጻፈባት ካርድ ታስራለች። ያዘዘችኝ አንድ ነገር ነው። እማ፣ እንዳይረጥብብኝ አለች። ከሰል እንዳይረጥብ ለእኔ ይነገራል?

ሰኔ 30፣ ሰኞ። ጠዋት 3፡00

ማሽኑ ቆመ። የመብረቁ ጫፍ የመዳብ ነው፣ ተበልቷል። ስ. ያንኑ የሚመስል ለማስቀረጽ ዳንግላ ቶርኖ ቤት ሄደች። አክስቷ ቤት ታድራለች። ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። ሚኒባሱ እስኪሞላ አብሬያት ቆምኩ፤ ሹራቤን አለበስኳት፣ አወለቀችው፣ መልሼ አለበስኳት።

ለአንቺ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ። መጋቢት ላይም ማሽኑ ተበላሽቶ ነበር፣ ያኔ ደስ አለኝ ብዬ ጽፌልሻለሁ። ዛሬም ትንሽ ደስ አለኝ። ከተመረቀች እንጅባራ አትይዛትም። አባቷ ካረፈ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ከእሷ ሌላ የሚያወራኝ የለም። እናት ናት ይህን የምትጽፈው? እናት ናት።

ሐምሌ 2፣ ረቡዕ። ማታ

ጋሼ አለሙ አረፉ። ጎረቤታችን፣ ከሰል አክሳዩ። ሰው በሳንባ ምች ይላል። እኔ የከሰል ዛፋቸው ዲከረንስ ነው የገደላቸው እላለሁ። ችግኙን ሲተክሉ አይቻለሁ፣ ዛፉ ሲቆም፣ ከዚያ ያ ቅጠሉን የሚያዝገው በሽታ ሲገባ። ዛፉ ደርቆ ቀረ፤ እርሳቸውም ከዛፉ በኋላ ብዙ አልቆሙ።

ድንኳኑ ተተክሏል። ብርዱ አጥንት ይገባል። ሚስታቸው እትዬ ይታይሽ እርጥብ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። የከሰል አክሳይ ለቅሶ፣ ቤቱ ውስጥ የረባ ከሰል የለም። በየጎረቤቱ ዞርኩ፣ ክረምት ነው፣ ሁሉም ባዶ። እኔም ጋ ለሁለት ቀን ማብሰያ የማትሆን ነገርና ብናኝ ብቻ።

የስ. አባት ለቅሶ ቀን ጋሼ አለሙ ሁለት ማዳበሪያ ከሰል ተሸክመው በራሳቸው ትከሻ አመጡልኝ። ምንም አላሉም፣ አውርደው ሄዱ። ከሰል ማስቀመጫዬ ውስጥ ቆሜ ይህን ሳስብ ዓይኔ የስ. ጆንያዎች ላይ አረፈ።

ለምን እስካሁን አላሰብኩም? ጋዝ አክስላ ያመጣችው ከሰል። ማሽኑ የጣለው።

ካርዶቹን ፈትቼ ምስማር ላይ ሰቀልኩ። ልኩን ልጻፍ፣ ከሠራ ለሴቶቹ አሳያለሁ። ሁለቱን ጆንያ ሙሉውን። ለአራት ጣሳ የስ. ዱቄት ሁለት ጣሳ የከሰል ብናኝ፣ አንድ ጣሳ ሸክላ አፈር፣ እፍኝ እበት። በእጅ ማድቦልቦል፣ የሎሚ ያህል። ሦስተኛውን ጆንያ አልነካሁም፣ ለሌላ ቀን። ማሽኑ ስለቆመ ጋዙ የእኔ ነው፤ ምድጃው ላይ ቆጥ ሠርቼ እያደረቅኩት ነው። ቤቱ ውስጥ ያልጠቆረ የለም። ፊቴን በመስታወት አይቼ ለቅሶ ላይ መሆኔን ረስቼ ሳቅኩ።

ሐምሌ 4፣ ዓርብ። ምሳ ሰዓት

ሠራ። ደብተሬ፣ እንዴት እንደሠራ።

ለመያያዝ ያስቸግራል እንጂ አንዴ ከያዘ ወዲያ ዝም ብሎ ነው የሚፍመው። አይንጣጣም፣ አይጨስም። እትዬ ይታይሽ እጃቸውን ዘርግተው ሞቁ። ባላቸው ካረፉ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አሉ። ይህ ከሰል ምሥጢር ቢነግሩት ይጠብቃል፣ አይጮህም አሉ። ሴቶቹ ሳቁ። ለቅሶ ቤት በቀስታ እንደሚሳቀው። አንዷ በአዊኛ ከጎኗ ላለችው ነገረቻት፣ ያቺም ሳቀች።

ከየት መጣ ሲሉኝ የልጄ ማሽን የሠራው ነው አልኩ። ሦስቴ ጠየቁኝ፣ አራቴ መለስኩ። ጋሼ አለሙ ቢያዩት ኖሮ።

ሐምሌ 8፣ ማክሰኞ። ከእራት በኋላ

ጽሕፈቴ ተበላሽቷል። ካላነበብሽው ይቅር።

ስ. ከዳንግላ ተመለሰች። ደስ ብሏታል። የመዳቡ ጫፍ በደንብ ወጥቶላታል። ፈታኞቹ በሳምንቱ ማክሰኞ ይመጣሉ አለች፣ የራሳቸውን ሚዛን ይዘው። ምን ሊመዝኑ አልኳት፣ ወጥ እየጨመርኩላት። ዱቄቱን ነዋ አለች።

ሃይድሮጂኑ ነዶ አለቀ፣ አይታይም፣ አይጨበጥም። ስንት ሚቴን እንደተለያየ የሚመሰክርላት ዱቄቱ ብቻ ነው። ይህን ያህል ጋዝ ከገባ ይህን ያህል ካርቦን መውጣት አለበት። የስድስት ወር ሥራዬ እዚያ ጆንያዎች ውስጥ ነው እማ፣ እንኳንም ግቢ አልተውኩት አለች። ከዚያ ደግሞ ነገረችኝ፣ ሳልጠይቃት፣ ጎርሳ እያኘከች። የነገሩ ሁሉ ቁም ነገር ካርቦኑ ዱቄት ሆኖ መቅረቱ ነው። ከተቃጠለማ ያው ጭስ ነው፣ ሰማይ ይገባል፣ ልፋቱ ሁሉ ገደል ገባ።

ወጡን ጠረጴዛው ላይ አፈሰስኩት። ደክሞሻል እማ አለችኝ፣ ተነስታ ጠረገችው።

ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ስለ ቶርኖ ቤቱ ጠየቅኳት።

ሐምሌ 9፣ ረቡዕ። ከ/ሰ 8፡00

ስ. ግቢ ናት። እኔ ያደረግኩትን አደረግኩ።

ከጥሊሊ የመጣ የዲከረንስ ከሰል ለመንኩና አገኘሁ። ሙቀጫ ውስጥ ወቀጥኩት፣ በጥሩ ወንፊት ነፋሁት፣ ደግሜ ወቀጥኩት። ከድንች ነጋዴዋ የሚንጠለጠለውን ሚዛን ተዋስኩ። ካርዱ ላይ የተጻፈውን ክብደት እያየሁ ሞላሁ። ችግር መጣ። የስ. ዱቄት ቀላል ነው፣ የእንጨቱ ከባድ። ክብደቱ ሲሞላ ጆንያው ግማሽ ነው። ጆንያው ሲሞላ ክብደቱ ይበልጣል። ሁለቱን የሚያስታርቅ አጣሁ። ክብደቱን መረጥኩ። አንገቱን ዝቅ አድርጌ አሰርኩ፣ ካርዶቹን መለስኩ።

ይህን የምጽፈው ለምንድን ነው? ለሰው መናገር ስላልቻልኩ ነው። ወሬኛዋ ጥሩወርቅ፣ እኔው ራሴ፣ ገበያ ደርሳ ስትመለስ የከተማውን ወሬ የምታራግፈው፣ ዛሬ ለሚዛኑ ባለቤት እንኳ ድንች ልመዝን ነው አለቻት።

ሐምሌ 12፣ ቅዳሜ። ጠዋት

ሚካኤል። ቅጥሩ ውስጥ አልገባሁም። በሩ ላይ ቆሜ ተሳለምኩ። ያወቀችኝ ሴት ምነው እትዬ ጥሩ አትገቢም አለችኝ። እግሬ ጭቃ ነው አልኳት። የሁሉም እግር ጭቃ ነበር።

ስ. ትናንት ጆንያዎቹን አየች። ሁለቱ ምነው ጎደሉ እማ አለች። ተጠቅጥቀው ነው አልኳት፣ ዱቄት ሲቆይ ይጠቀጠቃል፣ የጤፍም እንደዚያ ነው። እውነትሽን ነው አለች። አመነችኝ። ብትጠራጠር ይሻለኝ ነበር።

ሐምሌ 15፣ ማክሰኞ። ከ/ሰ 10፡00

መዘኑ። ልክ ሆነ።

አራት ሰዎች፣ አማካሪዋ ዶ/ር ጭምር፣ የእኔ ጓሮ ቆመው። ሚዛኑን ሳየው በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩ። ሦስቱም ጆንያ ካርዱ ላይ እንዳለው። አማካሪዋ እጇን ጨበጣት። የኛ ሰው ይህን ሠራ አለ። እኔንም ጨበጠኝ፣ ለጥበቃው እናመሰግናለን እናቴ፣ ጠብታ አላስገቡም አለኝ።

ስ. አቀፈችኝ። ጠረኗ የፀጉር ቅባትና የብረት ነው። እኔም አቀፍኳት። ስንት ጊዜ ሳቅኩ ዛሬ? ቆጥሬ አልጨርሰውም። አንዱም የእኔ አልነበረም።

ከየጆንያው ማንኪያ ማንኪያ ወስደው በጠርሙስ አደረጉ። ለምርመራ ነው አሉ፣ ለደንቡ።

ሐምሌ 19፣ ቅዳሜ

ምንም። ዝናብ። እበት በጠበጥኩ። ማሽኑ ተነስቷል፣ አዲሱ ጫፍ ይሠራል። ስ. እያዜመች ትገባለች። እንቅልፍ የለኝም፣ ይህንን ብቻ ልጻፍ።

ሐምሌ 24፣ ሐሙስ። ከ/ሰ 11፡00

መጣ።

ከሦስቱ ጠርሙስ አንዱን ሲያነዱት ሳህኑ ላይ ምንም አልተረፈም። ሁለቱ አመድ አስቀሩ። ስ. ቆማ ነው የነገረችኝ፣ ቦርሳዋን ሳታወርድ፣ ድምፅዋ የሌላ ሰው ሆኖ። ከጋዝ የወጣ ካርቦን አመድ የለውም እማ። አመድ ያለው ከአፈር የበቀለ ነው። የእንጨት ከሰል ነው አሉኝ። አንዱን ሠርተሽ ሁለቱን ከገበያ ሞላሽ አሉኝ።

አመድ። ዕድሜዬን በሙሉ አመድ ስጠርግ ኖሬ ይህን አላሰብኩትም። ወንፊት አሰብኩ፣ ክብደት አሰብኩ፣ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ማሰር አሰብኩ።

አንዱ ፈታኝ፣ አለች፣ እንዲህ ብሎ ቀለደባት፦ የአዊ ልጅ ከሰል ቢያጥራት ይገርመኝ ነበር። ሰው ሳቀ። አማካሪዋ አልሳቀም፣ ግን አላያትም።

ሐምሌ 25፣ ዓርብ። ጠዋት 3፡00

አልበላችም። ግድግዳውን ታያለች። ማስታወሻዋን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ ደግማ ደምራዋለች፣ ስህተቱ የእሷ እየመሰላት። ምናልባት ከበርሜሉ ስር የቆየ ነገር ነበር ይሆን እማ፣ ምናልባት ጆንያው የከሰል ጆንያ ነበር ይሆን። ጆንያው አዲስ ነበር። ራሷ ናት የገዛችው።

ኮሚቴው ሰኞ ይሰበሰባል። ማጭበርበር ነው ካሉ ትባረራለች። ዲግሪው ብቻ አይደለም፣ ከዚያ ወዲያ የጻፈችውን ቁጥር የሚያምን የለም። በሰው ፊት ማን ነክቶት ሊሆን ይችላል ብለው ጠይቀዋታል። ማንም አልነካውም፣ የሚጠብቀው እናቴ ናት፣ እናቴን እንደ ራሴ አውቃታለሁ ብላ መልሳለች።

ይህን ስትነግረኝ ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር። እግዜር ይስጠው ሽንኩርቱን።

ለምን አትናገሪም ትይኛለሽ። ቀላል መስሎሽ። ስህተቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሐምሌ 8 እናገር ነበር፤ ከሰል መስሎኝ አነደድኩት ብል ታለቅስና ትስቃለች። ወቅጬ፣ ነፍቼ፣ መዝኜ መሙላቴን ነው አፌ እምቢ ያለው። የመጀመሪያው አለማወቅ ነው። ሁለተኛው እኔ ነኝ።

ሐምሌ 26፣ ቅዳሜ

ጭስ እንዳይሆን ነበር ስድስት ወር የለፋችው። ጭስ ያደረግኩት እኔ ነኝ፣ ለዚያውም ደስ ብሎኝ፣ ለዚያውም እያስመሰገንኩ።

ላሞቹ ሳላልባቸው ጮሁ። ረስቼ።

ሐምሌ 27፣ እሑድ። ከቅዳሴ መልስ

እትዬ ይታይሽ መጡ፣ ነጠላቸውን እንዳጣፉ። የስ.ን ነገር ሰምተዋል፣ ከተማው ሰምቷል። ልጅቷ ተኝታለች፣ ቀስ ይበሉ አልኳቸው። ጓሮ ተቀመጥን።

ነጠላቸውን አስተካከሉ። ከዚያ፦ ጥሩዬ፣ አንቺ ስትዋሺ ታጥሪያለሽ። ምን አሉኝ እትዬ? አልኳቸው። ንግግርሽ ያጥራል ነው የምልሽ፤ አንቺ ሰላም ለማለት ግማሽ ቀን የሚፈጅብሽ ሴት፣ ይሄው ሁለት ሳምንት ደህና ነኝ ብቻ ትያለሽ።

ፈነዳሁ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ጆንያውን፣ ሙቀጫውን፣ ሚዛኑን። ሲሰሙ ፊታቸው አልተለዋወጠም። ሲያበቃ የጠየቁኝ አንድ ነው። እኔ የሞቅኩት የልጅቷ ምስክር ነበር? አዎ አልኳቸው። ባሌን በልጅሽ ዕዳ ሸኘሁት በይኛ አሉ። እንዳይሉ አልኳቸው። አልኩ አሉ።

ተነስተው ሄዱ፣ ተቆጥተው መስሎኝ አለቀስኩ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ተመለሱ፣ በሰፌድ ዘጠኝ ድቡልቡል ይዘው። ያልነደደ። ለሙት ዓመታቸው ብዬ ነበር ያስቀመጥኩት አሉ። ውሰጂ። እዚህ ውስጥ የልጅቷ አለበት፣ የተማሩት ሰዎች ከጭቃው ይለዩት፣ ለዚያ አይደል የተማሩት። እኔም ካስፈለገ እቆማለሁ፣ ሞቄዋለሁ እላለሁ።

ለልጅቷ ግን አንቺ ንገሪ፣ ከሰው አፍ እንዳትሰማ ብለውኝ ሄዱ።

ሐምሌ 28፣ ሰኞ። ጠዋት 12፡30

እበት አልበጠበጥኩም። ዛሬ ይቆይ።

ስብሰባው 4 ሰዓት ነው። ሰፌዱን በር ላይ አስቀምጫለሁ፣ ዘጠኙም አሉ። ደረቅ ናቸው። አብሬያት እሄዳለሁ።

ትናንት ከሰዓት ሦስት ጊዜ ልነግራት አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። በመጀመሪያው ስለ ላሟ አወራሁ። በሁለተኛው ቀልድ መጣብኝ፣ ቀለድኩ፣ እሷም ለእኔ ብላ ፈገግ አለች፤ ከዚያ የባሰ አላየሁም። በሦስተኛው ጸጉሯን ጎነጎንኩላት። አፌ እንደማይታዘዘኝ አወቅኩ። ሲያወራ የኖረ አፍ፣ አንድ ቀን የሚጠቅም ነገር ቢያወራ ምን ነበረበት።

ስለዚህ አንቺን ነው የምሰጣት።

ሐምሌ 2 አንቺ ውስጥ አለ፤ አራት ጣሳ፣ ሁለት ጣሳ፣ አንድ ጣሳ፣ ልኩ ሁሉ። ሐምሌ 9ም አለ። ፈታኞቹም ያንብቡት ካለች ያንብቡት። አስቤ ነበር፣ መጋቢትንና ሰኔ 30ን ልቅደድ። ማሽኑ ሲቆም ደስ አለኝ ያልኩበትን። እሱን ካነበበች በኋላ ጆንያውን ባለማወቅ ነው ያነደድኩት ብል ታምነኛለች? ሰኔ 30ን ሁለቴ በጣቴ ያዝኩት። ከቀደድኩት ግን ደግሞ ሌላ ጆንያ መሙላቴ ነው። ክብደቱ ልክ፣ ውስጡ ሌላ።

አልቀደድኩም።

ከዚህ በኋላ ባትመለሽልኝ አይገርመኝም። ሰባት ወር ሙሉ ስለፈልፍብሽ አንድ ቀን በቃሽ አላልሽኝም። ዛሬ እኔ የማልችለውን ተናገሪልኝ።

ፊቷን እየታጠበች ነው፣ የባልዲው ድምፅ ይሰማኛል። ሐምሌ 2 ላይ ምልክት እንዲሆን የሣር ስንጥር አስገብቻለሁ፤ ከዚህ ጀምሪ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሰሽ ሁሉንም አንብቢ እላታለሁ። ሌላ ምንም አልልም።

እማ፣ ፎጣ እያለችኝ ነው። ፎጣውን በአንድ እጄ፣ አንቺን በሌላው ይዤ ልወጣ ነው።